ቁልፍ የማይሰጥበት ሆቴል

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ድንበር ተሻግሬ ሆቴል ውስጥ ወሸባ ገብቼ እንደነበር ሳወራ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለኝ “ኧረ ታድለሽ!” ነው። ሁለት ሳምንት ሆቴል። ምግብ በር ድረስ። አለቃ የለ፣ እንግዳ የለ፣ ሰልፍ የለ። ምን ጎደለሽ?

ቁልፍ። ስንገባ የክፍል ካርድ አልሰጡንም። በሩ ከውስጥ ይከፈታል፤ ወጥቼ ከኋላዬ ከተዘጋ ግን መልሼ መግባት አልችልም። ስለዚህ ማንም ሊቆልፍብኝ አላስፈለገውም። ብልሃቷን ሳስባት እስካሁን ትገርመኛለች።

አገሩንም ሆቴሉንም አልጠራም። የትም ቢሆን ነገሩ ያው ነበር። ሌላ አገር፣ ሌላ ሆቴል የከረመ ሰው የኔን ሲሰማ “እኛም ጋ እንደዚሁ ነው” ይለኛል። የሚለየው የግድግዳው ቀለም ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሕጉን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ክትባት አልነበረም። የታወቀ መድኃኒት አልነበረም። ቫይረሱ ከአገር አገር የሚሻገረው በመንገደኛ ነው፣ መንገደኛውም እኔ ነኝ። ትንሽ ቆይ ብባል ምን እላለሁ? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውን ዘግተህ ስታበቃ ምን ትነግረዋለህ? መዘጋቱን እንደምንም ቻልኩት። ያቃተኝ ምንም ሳይነግሩኝ መዘጋቱ ነበር።

ሆቴል ሰው ሊያድርበት እንጂ ሊውልበት የተሠራ ቤት አይደለም። ይህ የገባኝ ክፍሉ ውስጥ መዋል ስጀምር ነው። መብራቱ ለመኝታ ተብሎ የደበዘዘ ነው። ወንበሩ ልብስ ለመጣል እንጂ ለመቀመጥ አይመችም። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ካስቀመጥኩ ምሳዬን አልጋ ላይ ነው የምበላው። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ከተማውን ያሳያል፣ ግን አይከፈትም። ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ድሮውኑ የታሸገ ነው። ለአንድ ሌሊት ይህን ማንም አይታዘብም። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ የተጠረጠረበትን ሰው እዚያ ማስቀመጥ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት አውቶቡሱን ላውራ።

ከአውሮፕላን ስንወርድ የተቀበሉን ሰዎች ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰዋል። መነጽር፣ ማስክ፣ ከላይ ደግሞ የፕላስቲክ መከለያ። ሲናገሩ ድምፁ ከየትኛው እንደወጣ አይለይም። ሙቀት ተለካን። ፎርም ሞላን። ያንኑ ፎርም ሌላ ጠረጴዛ ላይ ደግመን ሞላን። ሻንጣችን መድኃኒት ተረጭቶ ተጫነ፣ እኛም ተጫንን።

“ወዴት ነው የምትወስዱን?” አለች ሕፃን የታቀፈች እናት። የልጁ ወተት ሻንጣው ውስጥ ቀርቶባታል። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። “እኔ የተባልኩት ከፊት ያለችውን መኪና ተከተል ነው” አለ። እውነቱን ነበር። እሱም እንደኛ የሚሄድበትን አያውቅም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ማንም ክፉ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያጋጠመኝ ነገር ሁሉ ግን የዚያች መልስ ዘመድ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን አንድ ነገር ብቻ ነው። ምግብ አምጪው ምግቡን ያውቃል። ጥበቃው ኮሪደሩን ያውቃል። ናሙና ወሳጇ ናሙናውን ታውቃለች። መቼ ነው የምወጣው ስል ግን ሁሉም ወደ ሌላው ያመለክታል።

ለምሳሌ የቀን አቆጣጠሩ። ሪሴፕሽን ስደውል “የገባችሁበት ቀን ይቆጠራል” ይሉኛል። ነርሷ “አይቆጠርም፣ ከማግስቱ ነው” ትለኛለች። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለዚህ ምንም አይልም። ውጭ ላለ ሰው የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፣ አያጨቃጭቅም። ውስጥ ሆኜ ግን ያቺን አንድ ቀን ሌሊት ተነስቼ ሁሉ እከራከርባት ነበር። ከራሴ ጋር።

በኋላ ስለ አፖሎ 11 ጠፈርተኞች ሳነብ ሳቅሁ። ኒል አርምስትሮንግ፣ በዝ ኦልድሪንና ማይክል ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 ከጨረቃ ሲመለሱ ወሸባ ነው የገቡት። የጨረቃ ጀርም ይዘው ቢመጡስ ተብሎ። መጀመሪያ መርከብ ላይ ወደ ማቆያ ክፍልነት በተቀየረች ተጎታች ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ያነጋገራቸው በመስኮት ነው። በጠቅላላው 21 ቀን ነበር የተወሰነላቸው፣ ቆጠራው ግን የጀመረው ገና ጨረቃ ላይ ሳሉ ነው። መንገዱ ተቆጥሮላቸዋል! እኔ ከአውሮፕላን የወረድኩበት ቀን እንኳን አከራካሪ ነበር።

ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ካፕሱሏ ባሕር ላይ ስታርፍ በሯ ተከፍቷል፣ የውስጡም አየር ወጥቷል። ሰዎቹ ልዩ ልብስ ለብሰው፣ ጎማ ጀልባ ላይ ወጥተው፣ በመድኃኒት ተጠርገው፣ ከዚያ በኋላ ተቆለፈባቸው። የጨረቃ ጀርም ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ አምልጧል ማለት ነው። ደግነቱ ጨረቃ ላይ ምንም አልነበረም። ከአፖሎ 14 በኋላ ወሸባው ራሱ ቀረ።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። ስለ ቀኖቹ ብዙ የሚወራ የለም። ጠዋት ስልክ ይደወላል፣ ሙቀቴን ለክቼ እናገራለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ በር ይንኳኳል። ሲንኳኳ ወዲያው አይከፈትም። አንኳኪው እስኪርቅ መጠበቅ፣ ማስክ ማድረግ፣ ከዚያ ከፍቶ የምግቡን ካርቶን ማንሳት። አንዳንዴ ከፊት ለፊት ያለው ሰውዬም በዚያችው ቅጽበት ይከፍታል። እንተያይና ሁለታችንም ተሽቀዳድመን እንዘጋለን። ሰላምታ እንኳን አንለዋወጥም። በኋላ ያፍራል ሰው።

በጎን በኩል ያለው ጎረቤቴ አንድም ቀን አልታየኝም። በድምፁ ነው የማውቀው። ማታ ማታ ለልጆቹ በስልክ ተረት ያነባል። ሲያስል ደግሞ እኔ ጉሮሮዬን እዳብሳለሁ። ደረቅ ሳል ነው? የሲጋራ ሳል ነው? ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የሰው ሳል የማዳምጥ ሰው ሆንኩ እኮ!

እማዬ በየቀኑ ትደውላለች።

“በላሽ?”

“በላሁ።”

“ከማን ጋር ነሽ?”

“ብቻዬን ነኝ እማዬ። ብቻ ነው የሚያስቀምጡት።”

“ብቻሽን? ታዲያ ሌሊት ቢያምሽስ?”

“ስልክ አለ። ሰው ይመጣል።”

“እንግዲህ እሱ ይጠብቅሽ ልጄ። በሩን ግን ደህና አድርገሽ ዝጊ።”

በሩን በደንብ ለመዝጋት የተቀጠሩ ሰዎች ውጭ እንዳሉ ላስረዳት አልቻልኩም።

ያረጋጋኝ ነገር ቢኖር ለምን ሁለት ሳምንት እንደሆነ ማወቄ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። ወረርሽኙ በጀመረባቸው ወራት ተመራማሪዎች ቫይረሱ ከተያዘ ሰው ላይ ምልክት እስኪያሳይ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አስልተው ነበር። ግማሾቹ ላይ በ5 ቀን ገደማ ይታያል። ምልክት ከሚታይባቸው ሰዎች 97.5 በመቶዎቹ ደግሞ በ11 ቀን ተኩል ውስጥ ያሳያሉ። 14 ቀን ያን ሸፍኖ ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምራል። ምልክት ጨርሶ የማይታይበት ሰው ስላለ ደግሞ ምርመራው ይጨመራል።

ይህችን ካነበብኩ በኋላ ቀኖቹ መልክ ያዙ። አምስተኛው ቀን ሲያልፍ ዕድሌ ወደኔ እንዳጋደለ አወቅሁ። ዘጠነኛው፣ አሥረኛው ሲያልፍ ደግሞ ይበልጥ። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፣ መስኮቱ ያው የማይከፈት መስኮት። ግን አሁን የምጠብቀውን አውቄ ነው የምጠብቀው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ በየበሩ ስር ማስገባት ስንት ወጪ ይጠይቃል?

ይህ የኔ ብሶት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 “ላንሴት” የተባለው የሕክምና መጽሔት ወሸባ በሰው አእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጫና የተጻፉ 24 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። አብዛኞቹ ጥናቶች ሳርስን፣ ኢቦላንና የመሳሰሉትን ተከትለው የተሠሩ ናቸው። ሰውን የሚጎዱት ነገሮች ተብለው የተዘረዘሩትን ሳይ ክፍሌን ያየሁ መሰለኝ። የጊዜው መርዘም፣ የመያዝ ፍርሃት፣ መሰላቸት፣ የአቅርቦት ማነስ፣ በቂ መረጃ አለማግኘት፣ የገንዘብ ኪሳራ፣ ከወጡ በኋላ የሚደርስ መገለል። ምክሩም ቀላል ነው። ለሰዎች ምክንያቱን ንገሯቸው፣ ጊዜውን አሳጥሩ፣ አንዴ የተናገራችሁትን ቀን ደግሞ ካልቸገረ በስተቀር አታራዝሙ። ይህ ጽሑፍ የወጣው ሆቴሎቹ ለወሸባ ከመዘጋጀታቸው በፊት ነው። ያነበበው ሰው ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የገባንበት ቀን ይቆጠር አይቆጠር ይለይልን ነበር።

እርግጥ ከኔ የባሰም ነበር። በየካቲት 2020 ጃፓን ውስጥ ዮኮሃማ ወደብ ላይ የቆመችው “ዳይመንድ ፕሪንሰስ” መርከብ ተሳፋሪና ሠራተኛ ተደምሮ 3,711 ሰው ይዛ ነበር። እዚያው ይቆዩ ተባለ። 712ቱ ተያዙ። ተሳፋሪው ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሠራተኛው ምግብ ያበስላል፣ ያድላል፣ ማታ ደግሞ ከባልደረባው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። ወሸባው ለተሳፋሪው ነበር። ለሠራተኛው አልነበረም።

ይህ ነገር አልለቅ ስላለኝ ነው ስለ ኮሪደሩ የማወራው።

የኛ ፎቅ ጥበቃ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። ወጣት ነው። ማስክ አድርጓል፣ አንዳንዴ አገጩ ላይ። ቀኑን ሙሉ እዚያ፣ መስኮት በሌለው ኮሪደር፣ በሁለት ረድፍ በሮች መሃል። በየበሩ ጀርባ አንድ ተጠርጣሪ አለ። እኛ በር አለን። እሱ ምን አለው? ሲመሽ ፈረቃውን ጨርሶ በትራንስፖርት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን ያቆዩኝ ከተማው ውስጥ እንዳልገባ ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ ከተማው ውስጥ ይገባል።

ኒው ዚላንድ ውስጥ በ2020 የሆነ ነገር አለ። ሁለት አጎራባች ክፍሎች ውስጥ ያሉ መንገደኞች ነበሩ። አንዱ ቫይረሱ ተገኘበት፣ ቆይቶ ደግሞ ጎረቤቱ ላይ ተገኘ። ተገናኝተው አያውቁም። የደህንነት ካሜራው ተመረመረ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ኮሪደር ላይ የታዩበት ቅጽበት የለም። የተገኘው ምንድን ነው? ናሙና የሚወስዱት ሰዎች የአንዱን በር ጨርሰው የሚቀጥለውን ያስከፈቱት በ50 ሴኮንድ ልዩነት ነው። ከመጀመሪያው ክፍል የወጣው አየር ኮሪደሩ ላይ ቆይቶ ወደ ሁለተኛው ገባ ብለው ነው ተመራማሪዎቹ የደመደሙት። የቫይረሱ የዘር ቅንብርም ይህንኑ ደገፈላቸው። ለይተን እንመርምራችሁ ብለው በር ያንኳኩባት ሰዓት ናት በሽታውን ያሻገረችው።

ስለዚህ ያ የታሸገ መስኮት ቀልድ አልነበረም። ሆቴሎች የተሠሩት አየር ለመለየት አይደለም። ኮሪደሩ ዝግ ነው፣ የክፍሉ አየር በበሩ ስር ወደዚያ ይወጣል። ያኔ ግን ሁሉም የሚጨነቀው ስለ እጅ ነበር። የበር እጀታ፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የሻንጣ መያዣ ቀኑን ሙሉ ይወለወላል። አየሩን ማንም አላሰበውም። ሳኒታይዘር በየጥጉ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንዲት የምትከፈት መስኮት ግን አልነበረችም።

ሜልቦርን ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። አውስትራሊያ በመጋቢት 2020 መጨረሻ ከውጭ የሚገባ ሰው ሁሉ 14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ ስትወስን፣ ሥራው የተዘጋጀው በሰዓታት ነው ማለት ይቻላል። የጥበቃውን ሥራ የግል ድርጅቶች ያዙት፣ እነሱ ደግሞ ለሌላ ንዑስ ተቋራጭ አሳለፉት። ሠራተኛው በሰዓት የሚከፈለው ነው፣ ስለ በሽታ መከላከል በቂ ሥልጠና አላገኘም። ቫይረሱ ከሁለት ሆቴሎች ወጥቶ ከተማው ውስጥ ተሰራጨ። በጉዳዩ ላይ የተሰየመው አጣሪ በታኅሣሥ 2020 ባወጣው ሪፖርት ከ18,000 በላይ ሰው የተያዘበትንና 768 ሰው የሞተበትን ሁለተኛ ማዕበል ከዚሁ ጋር አያይዞታል።

ያኔ ብዙ ጣት የተቀሰረው ጥበቃዎቹ ላይ ነው። እኔ ግን አንድም ጊዜ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። የኛን ፎቅ ልጅ አስባለሁ። ቢያመው የሕመም ፈቃድ አለው? አንድ ቀን ቢቀር ይከፈለዋል? ሰው ትኩሳት እንዳለው እያወቀ ወደ ሥራ የሚሄደው ክፋት ይዞት አይደለም። የቀን ደመወዙ ስለሚቀርበት ነው። ወሸባ ላይ የሚወጣው ብር መጀመሪያ መውጣት የነበረበት እዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ነበር።

ማቆያ ከሰው መራቅ እንዳለበት ሰዎች ከድሮም ያውቁታል። ራጉሳ፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የአድሪያቲክ ከተማ፣ በ1377 ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጣ ሰው ከተማው ሳይገባ 30 ቀን ውጭ እንዲቆይ ደነገገች። የምታቆየው ደሴት ላይና ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ቬኒስም በ1423 ለበሽተኞች ማቆያ ያቋቋመችው ደሴት ላይ ነው። ስለ ጀርም ምንም አያውቁም ነበር፣ ስለ ነፋስና ስለ ርቀት ግን ያውቃሉ። እኛ መሃል ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ ዝግ ኮሪደር ውስጥ አደረግነው።

ደሴት መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በ1720 “ግራን ሴንት አንቷን” የምትባል መርከብ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጨርቃ ጨርቅ ጭና ማርሴይ ደረሰች። መንገድ ላይ ሰዎች ሞተውባታል። ደንቡ ነበረ፣ ማቆያውም ነበረ። ግን ጭነቱ ውድ ነው፣ ገበያው ደርሷል፣ ከባለ ጭነቶቹ ውስጥ ደግሞ የከተማዋ ሹማምንት ነበሩበት። ደንቡ ላላ። ቸነፈሩ የከተማዋን ሕዝብ ግማሽ ያህል ጨረሰ። ለድሃ የጠበቀ፣ ለባለ ጉዳይ የላላ ወሸባ ከሚኖር ባይኖር ይሻላል ለማለት አልደፍርም። ግን ካለመኖሩም ብዙ አይሻልም።

የኛ ዘመንም ባለ ጉዳይ አያጣም። በጥር 2021 የአውስትራሊያ ኦፕን የቴኒስ ውድድር ሲደርስ ተጫዋቾች በልዩ በረራ ሜልቦርን ገቡ። በወቅቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገሪቱ ዜጎች የመግቢያ ኮታ ተገድቦባቸው ውጭ ቀርተዋል። ቁጣው ብዙ ነበር። አንዳንዶቹ በረራዎች ላይ ቫይረስ የተገኘባቸው ሰዎች ሲገኙ 72 ተጫዋቾች 14 ቀን ሙሉ ከክፍል እንዳይወጡ ተደረገ። ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቁመው ኳስ ሲመቱ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። ሰው ሳቀባቸው። እኔ አልሳቅሁም። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት መመላለስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እነሱ ቢያንስ ራኬት ነበራቸው።

ኒው ዚላንድ ደግሞ ክፍሎቹ ለሰው አልበቃ ሲሉ በመስከረም 2021 ዕጣ ጀመረች። ወደ አገሩ መግባት የሚፈልግ ዜጋ ኮምፒውተር ላይ ተሰልፎ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ቁጥር ይሰጠዋል። በጣም የቸገረውም፣ ለሽርሽር የወጣውም አንድ ዕጣ ውስጥ ናቸው። በሚያዝያ 2022 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ አሠራር የአንዳንድ ዜጎችን ወደ አገራቸው የመግባት መብት ያለ በቂ ምክንያት ገድቧል ብሎ ፈረደ። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ ወሸባውን አልሻረም። ያልወደደው ዕጣውን ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማቆየት ይቻላል። ሰውን ከነጉዳዩ ሳያዩ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ክፍያው ላይም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። አገሮች የተቀበሉት ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አለ፣ የ2005ቱ። አንቀጽ 32 መንገደኛን በክብር ያዙ፣ በቂ ምግብ፣ ውሃና ማረፊያ ስጡ ይላል። አንቀጽ 40 ደግሞ ለመኖር ከሚገባ ሰው በስተቀር መንገደኛን ለወሸባ አታስከፍሉ ይላል። ተጽፏል። እኔ ግን ሒሳቡን ከፍዬ ነው የወጣሁ፣ ሌሎች ብዙ አገሮች ውስጥም እንደዚያው ነበር። መክፈል የቻልኩት እኔ ተናደድኩ። ያቺ ሕፃን የታቀፈች እናት ግን ምን አድርጋ ይሆን?

ይህን ሁሉ ብዬ አንዲትን ሴት ካላነሳሁ ግፍ ነው። በየጠዋቱ የሚደውሉልኝ ነርሶች ጥያቄውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨርሱት። “ሳል አለ? ትኩሳት አለ? የመተንፈስ ችግር አለ? እሺ አመሰግናለሁ።” አልፈርድባቸውም፣ ስንት ክፍል ይደውላሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን አዲስ ድምፅ መጣ። “እንዴት አደርሽ?” አለችና ዝም አለች። መልሴን እየጠበቀች እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

“ደህና። የምርመራው ውጤት ግን አልመጣም” አልኳት።

“ናሙናሽ ትናንት ነው የሄደው። ዛሬ ማታ ወይ ነገ ጠዋት ይደርሳል። ነገ ጠዋት ከሆነ ላቦራቶሪው ሥራ በዝቶበት ነው፣ አንቺ ላይ የተገኘ ነገር ኖሮ አይደለም። እንዳትጨነቂ። የገባሽበትን ቀን ደግሞ አንቆጥረውም፣ ሰዎቹ ምን እንዳሉሽ አላውቅም እንጂ።”

ተጨማሪ ቀን ፈረደችብኝ ማለት ነው። እንቅልፌን ግን ያን ዕለት ነው የተኛሁት። ውጤቱ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ እንዳለችው። ባትነግረኝ ኖሮ ያን ሌሊት ሙሉ ጎረቤቴን ሳዳምጥ ባነጋሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜውን በግንቦት 2023 አነሳ። ሆቴሎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሆንግ ኮንግ በአንድ ወቅት 21 ቀን ታቆይ ነበር፣ በመስከረም 2022 ተወችው። ቻይና በጥር 2023። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ እንደገና ሆቴል የሚታሰብ ይመስለኛል። አልጋ ያለው፣ መታጠቢያ ያለው፣ እንግዳ ያጣ ሕንፃ ሌላ የት ይገኛል? ያኔ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የምለምነው ጥቂት ነው። የሚከፈት መስኮት። ለጥበቃው ሥልጠናና ሲታመም የማይቆረጥ ደመወዝ። በር ስር የምትገባ አንዲት ወረቀት፣ ለምንና እስከ መቼ የሚለውን የያዘች። ስልክ ላይ ደግሞ መልስ እስኪሰማ የሚጠብቅ ሰው።

የወጣሁ ቀን ማህተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ነፃ ነች ይላል፣ በቀጥታ በእነዚህ ቃላት ባይሆንም። ውጭ ጓደኛዬ መኪናውን አቁሞ ይጠብቀኛል። ስንት ጊዜ ያላየሁት ሰው ነው፣ ሻንጣዬን ጥዬ ወደሱ ሄድኩ። እሱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

“ውጤቱ በስንት ቀን የተሠራ ነው?” አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። በጣቱ ጫፍ ይዞ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውንም አየው። በዚያች ከተማ ከኔ በላይ የተመረመረ፣ ከኔ በላይ ከሰው የራቀ ሰው ነበር? አልመሰለኝም። እሱ ራሱ ያን ሳምንት ስንት ሱቅና ስንት ታክሲ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል።

“ነጌቲቭ ነው” አለ።

“አዎ፣ ነጌቲቭ ነው።”

“እንዴት ደስ ይላል!” አለና አራቱንም መስኮት ከፈተ። “በይ ከኋላ ግቢ።”